ጅራፉ ለምን ጮኸ?

አደራችሁን፣ ከፊዚክስ መምህርት ጎን ክፍል አትያዙ! እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ግድግዳ የምንጋራው ከመምህርት እህተ ማርያም ጋር ነው። አንድ ቀን ሰበቃን ላስረዳ ብላ የርዕሰ መምህሩን ሞተር ሳይክል በተማሪ አስጎትታ ጭቃ ውስጥ ዶለችው። ዘንድሮ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ባሕር ዳር ጠርቶ ሲሸልማት ግን ከሁሉ ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። የጅራፉን ቀን አይቼ እንዴት ዝም ልበል?

ያን ዕለት የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ውዳሴ ዓይኗ አብጦ መጣች። «አባቴ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣኝ ዛሬ ይመጣል» አለችኝ። አጨዳ ደርሷል፣ ወንድሟ ከተማ ገብቶ ቀርቷል፤ አባቷ አቶ ዳኘውም ከቡሬ ገጠር ሆነው «ፊደል ለይታለች፣ ይበቃታል» ብለዋል።

እህተ ማርያም ደግሞ ጅራፍ ይዛ መጥታለች! «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ትላላችሁ። ለምን ይጮሃል?» ብላ የነውዳሴን ክፍል ሁሉ ሜዳ አወጣችው። ሁካታው ሲብስብኝ ልቆጣ ወጣሁ። አወናጨፈችው፤ ጅራፉ አንገቷ ላይ ጥምጥም! ተማሪው በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ በማርያም! እንዲያ አይደለም!» የሚል ድምፅ ከግቢው በር ተሰማ። አቶ ዳኘው ናቸው። ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው አላስቻላቸውም። ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ጅራፉን ተቀበሉ። አዙረው፣ አዙረው ሲለቁት፣ ጧ! የክፍሎቹ ጣሪያ ሳይቀር ተርገበገበ።

«ይደገም!» አለ ተማሪው። ደገሙት፤ ደስ ብሏቸዋል።

«እሺ፣ ለምን ጮኸ?» አለች እህተ ማርያም።

ውዳሴ እጇን አወጣች።

«እጀታው ጋ ወፍራም ነው፣ ጫፉ ቀጭን» አለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። «የአባቴ ጉልበት ወደ ቀጭኑ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ጫፉ ድምፅን ራሱን ይቀድማል። የምንሰማው አየሩ ሲቀደድ ነው።»

አቶ ዳኘው ጅራፉን አገላብጠው አዩት። «እኔ እርስ በርሱ ሲላተም ይመስለኝ ነበር። እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። አሁን አልተንቀጠቀጠችም።

«ለመጨረስ ስንት ዓመት ይቀራታል?» ሲሉ እህተ ማርያምን ጠየቋት።

«ይኸው ዓመትና የሚመጣው ነው፣ አባቴ።»

ጋቢያቸውን ከትከሻዬ ላይ መንጭቀው ለበሱ።

«ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? አስተምሯት እንጂ! አጨዳውን ጎረቤት ጠርቼ በወንፈል እወጣዋለሁ!»