ሰባ ሴንቲሜትር

ሰዉ ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል እንጂ የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከጀልባ ቀለም መሸጫው ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የመዝናኛ ጀልባ ሬዲዮና የጥልቀት መለኪያ ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን አይጣል ነው። ደንበኛ «እርግጠኛ ነህ ይሠራል?» ብሎ ከጠየቀው፣ «የኔን ሥራ ከተጠራጠርክ ዋና ተማር» ብሎ ኩም ያደርገዋል።

ታዲያ እንዲህ የሚያናግረው ነገር ነበረው። ጀልባዋን ውኃ ላይ ሳያያት «ጨርሻለሁ» ብሎ አያውቅም። ጫፉ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት የታሰረበት ገመድ ወደ ውኃው ይሰድና፣ የረጠበውን በሜትር ለክቶ፣ ስክሪኑ ከሚለው ጋር ያስተያየዋል። ሰው ይስቅበታል፤ እሱ እቴ፣ ደንታም የለው። ሌላው አመሉ ደግሞ አሮጌ እቃ እየሠራ ነቅሎ መጣል አለመውደዱ ነው። «እየተነፈሰ ልቅበረው?» ይላል።

ታላቅ ወንድሙ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ደስታው ያቺ ጀልባው ብቻ ናት። ዘንድሮ ጀልባዋ ወጥታ በወደቡ ግቢ እንጨት ላይ ቆማ ሆዷ ሲቀባ፣ ሱቁ ድረስ መጣና፣ «ስማ ኢንጂነሩ፣ የሰው ጀልባ ሁሉን ነገር ስልክ ላይ ያሳያል። እኔ እስከ መቼ በዚች በደበዘዘች የመለኪያ መስታወት ዓይኔን ላፍዝ?» አለው።

«ለሌላ ሰው ቢሆን ወር አስጠብቀው ነበር፤ ላንተ ግን ነገ እጀምራለሁ፣ ጋሼ» አለው።

አሮጌውን ጥልቀት መለኪያ እንደ ልማዱ አልነቀለውም። የአሮጌውን ቋንቋ ለአዲሱ የምትተረጉም ትንሽ ሳጥን መሃል አስገብቶ ከአዲሶቹ ስክሪኖች ኔትወርክ ጋር አገናኘው። ከዚያ አንዱን ስክሪን መሪው ጋ፣ ሌላውን ታች ጓዳው ውስጥ ገጠመ፤ የወንድሙንም ስልክ ጨመረበት። ከአንዲት አሮጌ መለኪያ የሚወጣው ቁጥር ሦስት ቦታ ይታያል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የመለኪያው ዓይን የተተከለው ከጀልባዋ ሆድ ሥር፣ ከውኃው ገጽ ሰባ ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነው። እሱ የሚያውቀው ከራሱ እስከ መሬቱ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ሙሉውን ጥልቀት እንዲናገር ሰባ ይጨመርለታል። አዲሱ ስክሪን «ስንት ልጨምር?» ሲለው ኢንጂነሩ ሳያመነታ ሰባ ብሎ አስገባ። ጀልባዋ መሬት ላይ ናትና ገመዱን የሚሰድበት ውኃ የለም። «ውኃ ስትገባ ጥራኝ፤ እኔ ሳልፈትሻት ንቅንቅ እንዳትል» አለው ወንድሙን። ወንድምየውም «እሺ» አለ። እሺ ማለት ምን ይቸግራል!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀለም ሻጩ በሱቁ በር ብቅ አለና፣ «ወንድምህና ልጅህ ጀልባዋን ውኃ አስገብተው በጠዋት ወጡ እኮ! ከአለቱ ጀርባ ወዳለው አሸዋ ነው አሉ» አለው። ኢንጂነሩ ቆሽቱ አረረ። ሳይነግሩት! እየተነጫነጨ የወንድሙን ጀልባ ደብተር አወጣ፤ ለእያንዳንዱ ጀልባ የሠራውን የሚጽፍበት ደብተር አለው። አዲሱን ሥራ ሊያሰፍር ሲገልጥ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጁ የጻፈው ገጽ ወጣ፦ «ጥልቀት መለኪያ ተገጠመ። ሰባ ተጨምሯል።»

ክው አለ። አሮጌው መለኪያ ሰባውን ድሮውኑ ጨምሮ ነው የሚልከው። አዲሱ ደግሞ በላዩ ሌላ ሰባ ይከምርበታል። ጀልባዋ ሳትነካ ለማለፍ አንድ ሜትር ከስልሳ ውኃ ትፈልጋለች፤ በአለቶቹ መሃል ያለው መተላለፊያ ደግሞ ውኃው ሲጎድል ያንን ያህል እንኳ አይኖረውም። አንድ ልጁ እዚያች ጀልባ ላይ ናት።

ሬዲዮውን አፈፍ አደረገ። «ጋሼ፣ ትሰማኛለህ?»

የመለሰችለት ልጁ ናት። «አባዬ! አጎቴ መሪውን ይዟል። ያንተ ሥራ ጉድ ነው እኮ! ከላይም ከታችም ስልኩም ላይ አየሁት፤ ሦስቱም እኩል ሁለት ከሰማንያ ይላሉ!»

እኩል ባይሉ ነበር የሚገርመው! ከአንድ አፍ የሰሙትን ነው የሚደግሙት።

«ሰባውን ሁለት ጊዜ ጨምሬዋለሁ፤ አትመኑት።» ማለት ያለበት ይኸው ነው፤ ለመናገር አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ግን ያ መስመር ወደቡ ሁሉ የሚያዳምጠው መስመር ነው። ደንበኞቹ አሉ፤ ማዶ ሱቅ የከፈተው አዲሱ ቴክኒሻንም አለ። ኢንጂነሩ ቁልፉን ተጫነና፣ «ንፋስ እየመጣ ነው፤ ለምን አትመለሱም?» አለ። አዬ ኢንጂነር! እኔ አጠገቡ ብኖር በጥፊ ባልኩት ነበር።

ወንድሙ ከትከት ብሎ ሲስቅ ተሰማ። «አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ውኃ ትፈራለህ! ይኸው ሁለት ከዐሥር ይላል፤ እንደ ልቤ ነው የማልፈው።»

ሁለት ከዐሥር፣ ሰባ ሲቀነስ፣ አንድ ከአርባ። ኢንጂነሩ ቁልፉን ተጫነ። «ጋሼ፣ ያ ስክሪን...» አለና ቆመ። «ቀስ በል» አለ።

ልጅቱ መልስ ልትሰጥ ቁልፉን ተጭና ስለነበር ሁሉንም ሰማው። መጀመሪያ ከሥር የሚፋጭ ነገር፣ ከዚያ የእቃ መዓት ሲወድቅ፣ ከዚያ የሷ ጩኸት፣ ከዚያ ምንም።

የነፍስ አድን ጀልባ ሲደርስ ልጅቱ አለቱ ላይ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ነበር፤ ጭረት እንኳ አልነካትም። አጎቷ እሷን አስቀድሞ አለቱ ላይ ካወጣት በኋላ ጀልባዋን በትከሻው ገፍቶ ሊያላቅቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ማዕበሉ ጀልባዋን አንሥቶ ከነክብደቷ ቀኝ እግሩ ላይ አሳረፋት። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ከልጁ ጋር ሆስፒታል ሄደ። መንገዱን ሙሉ ስለ ሰባው የሚለውን ሲያጠና ነበር። ክፍሉ ውስጥ አራት አልጋ አለ፤ ወንድሙ መስኮቱ ጋ ተኝቷል። ገና ሲያያቸው እንባው ግንፍል አለና የኢንጂነሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ሳልፈትሻት አትንቀሳቀስ ብለኸኝ ነበር፤ ንቄህ ነው» አለው። «ተመለሱ አልክ፣ ሳቅሁብህ። ቀስ በል አልክ፣ ነዳሁ። ስክሪኑስ ደህና ነበር፤ እኔ ሽማግሌው ነኝ ቁጥሩን አዛብቼ ያየሁት። ልጅህን ልገድልብህ ነበር እኮ! ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ልጅቱ ዓይኗን አባቷ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ያጠናው ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ግንባር ሳመ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሼ» አለው።