ሶፋው ግቢ የወጣ ዕለት

ልጄ ሜሮን ባለፈው ቅዳሜ የአባቴን ሜትር ከመሳቢያ አውጥታ ስትስበው፣ ያ ቢጫ ብረት ተንሿሽቶ ሲወጣና ስትለቀው "ጧ" ብሎ ሲመለስ የሰማሁት ድምፅ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዶ እዚሁ ሳሎን፣ እዚሁ መስኮት ሥር አቆመኝ። ሩቅ አልሄድኩም ማለት ነው። እኔ በሐሳቤ ስሸሽ እንኳ ከዚህ ቤት አልወጣም።

ሜሮን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች። ኢንቴሪየር ዲዛይን ካልተማርኩ ብላ አምስት ትምህርት ቤቶች ስልኳ ላይ ደርድራ "ማሚ፣ የቱ ይሻላል?" እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስትነዘንዘኝ ከረመች። በጠየቀችኝ ቁጥር የምጠቁምላት አንዱን ብቻ ነው፤ ከቤት ሳይወጡ በኢንተርኔት የሚማሩበትን። ለምን እሱን እንደምመርጥላት ራሴንም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በልጅነቴ ይህ ሳሎን የእንግዳ እንጂ የእኛ አልነበረም። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈለትም፤ ለዓመት በዓል እንድንቀመጥበት ሲፈቀድልን በአዳማ ሙቀት ጭናችን ከላስቲኩ ጋር ይጣበቅና ስንነሳ ቆዳችን የተላጠ ይመስለን ነበር። ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች በዳንቴል ላይ የተደረደሩበት ግዙፍ ቡፌ የመስኮቱን እኩሌታ ዘግቶ ቆሟል። የቀረውን እኩሌታ ፍርግርግ ብረትና ወፍራም መጋረጃ ተካፍለውታል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንደ ምድጃ ሲግል ሲሚንቶው ላይ ተጋድሜ ያንን ቡፌ በዓይኔ እየገፋሁ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አሻግረው ነበር። እሱ ቢነሳ ማታ ማታ የሚነፍሰው ነፋስ ሽው ብሎ እንደሚገባ አውቃለሁ። ይህን ለአባቴ አንድ ቀን ብነግረው "ቡፌ እግር የለውም፤ አንቺም አርፈሽ ተቀመጪ" አለኝ።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ የሁለት የአዲስ አበባ ዲዛይን ትምህርት ቤቶችን ማመልከቻ አስመጥቼ ፍራሼ ሥር ደበቅኩ። አንዱ ካርድ ይዞ የመጣን ሁሉ ይቀበላል። ሌላው ደግሞ ከምንኖርበት ቤት አንድ ክፍል ለክተን፣ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ እኛ እንዴት እንደምናሰናዳው ስለን እንድናመጣ ይጠይቃል። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ዓይኔ ምን እንደሚያይ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም። አባቴ ግን ለሴት ልጅ የሚሆነው ትምህርት ቤት ማታ ቤቷ የምትገባበት ነው ባይ ስለነበር ምንም አልነገርኩትም።

ሳሎኑን ልለካ የቆረጥኩ ዕለት፣ እናቴ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ቢሾፍቱ ከሄደች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ስለነበር ያን ዕለት በጠዋት ወደ ወለንጪቲ ገበያ ወጣ። ሁለት የክፍል ጓደኞቼን ጠርቼ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውንና ምንጣፉን ግቢ አወጣን፤ ቡፌውን ብርጭቆውን አራግፈን እየተንፏቀቅን በረንዳ አደረስነው። ልጆቹ ሄዱ። እኔ ባዶው ክፍል መሀል ቆምኩ። ብርሃኑ ሙሉውን መስኮት ይዞ እስከ ጓዳው በር ገብቶ ነበር። ከደስታዬ የተነሳ እንባ እንባ አለኝ፤ ተንበርክኬ እየለካሁ ወረቀቴ ላይ መሳል ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን ዘንግቻለሁ። በእኛ ሰፈር የሳሎን ዕቃ ተጠራርጎ ግቢ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው በኋላ ነው።

ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአጥር ሲያዩ ሶፋው ውጭ ነው፣ እናቴ የለችም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው "ማል ታተን! ምን ሆናችሁ ልጆቼ!" እያሉ ገብተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ሰው እንዲያ ሲያለቅስብኝ ደንግጬ እኔም አለቀስኩ፤ ይኸው ማረጋገጫ ሆነ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግቢው ሞላ። "ኧረ ማንም አልሞተም፣ ክፍሉን እየለካሁ ነው!" ብዬ ሜትሩንና የጀመርኩትን ስዕል ሳሳይ፣ ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብለው ፊቴ ላይ ውሃ ረጩብኝ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን መትከል ጀመሩ።

አባቴ ከባጃጅ ሲወርድ ያየው ያንን ድንኳን ነው። የእናቴን ስም ጠራና በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ በግንባሩ ተፈጠፈጠ።

ነገሩ ሲጣራ ሰፈሩ ለሳምንት ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ አልመታኝምም። ቢመታኝ በተገላገልኩ። ግንባሩ ተሰፍቶ ሲመለስ "ቤቴን የለቅሶ ቤት ያደረገ ትምህርት ይቅርብሽ" አለኝ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ወሬ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ቃል አይናገርም፤ እጁ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ጠባሳው ይሄዳል። እኔም አፌን እዘጋለሁ። እዚሁ ከተማ መምህርነት ተማርኩ፣ ትዳርም እዚሁ ግቢ ያዝኩ፤ ይኸው የሌላ ሰው ልጆችን ስለ ስፋትና ቁመት ሳስተምር ጠጉሬ ሸበተ። አባቴን እወደው ነበር። ያሰረኝም እሱ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ዓምና ሲያርፍ ጎረቤቶች ሳይነገራቸው ሶፋውንም ቡፌውንም አወጡት። ለቀስተኛው መሀል ተቀምጬ፣ ለሁለተኛ ጊዜ እስከ ጓዳው በር የገባውን ብርሃን አየሁ። ታዲያ ለቅሶው ሲያበቃ ቡፌውን መልሼ መስኮቱ ላይ ያስጠጋሁት እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ቅዳሜ ዕለት ሜሮን ከአምስቱ መርጣ ጨረሰች፤ ስዕል የሚጠይቀውን፣ አዲስ አበባ ያለውን። "ማሚ፣ ነገ ዕቃውን እናውጣና ልለካ?" ስትለኝ እጄ ግንባሬ ላይ ነበር። ጠባሳ የለበትም።

ተነስቼ ወደ አዴ ጫልቱ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ በራቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። "ነገ ሶፋ እናወጣለን፤ ማንም አልሞተም፣ እንዳያለቅሱብን" አልኳቸው። ያን ጊዜ ትዝ ብሏቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "ያ ስትስይው የነበረው ወረቀትስ? ለትምህርት ቤቱ አደረስሽው?" አሉኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ ሰው ሁሉ ስለ አባቴ ግንባር ሲጠይቀኝ ኖሯል፤ ስለ ወረቀቱ የጠየቀኝ አልነበረም። አላደረስኩትም አልኳቸው።

አዴ ጫልቱ እጄን ያዙኝ።

"እንዲያ ከሆነስ" አሉ፣ "ያኔ በከንቱ አላለቀስንም።"