ቡረቃ የተከለከለበት ቤት

መቦረቅን የማያውቅ ሰው የለም። ደስታ ፊት ላይ ሲቀር ፈገግታ ነው፤ እግር ውስጥ ሲገባ ግን ቡረቃ ይሆናል። ጥጃ ሲፈታ ይቦርቃል፣ ልጅ ዝናብ ሲመጣ ይቦርቃል፣ የሚያየውም ሰው ደስ ይለዋል። በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ግን ቃሉ ስድብ ነበር። ስድብ ያደረገችውም የቤቱ ባለቤት ናት፤ ሰፈሩ "መቀስ" ይላታል፣ ምላሷም እንደ እጇ ይቆርጣል።

ታናሽ እህቷ እዚያው የልብስ ቁልፍ ትሰፋለች። ልጅ ሆና አንድ ቀን ስትቦርቅ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ገጨችውና የሙሽራ ቀሚስ ተበላሸ። በቃ! ከዚያ ወዲያ ታላቅየዋ ጨርቅ ስትቆርጥ እንኳን መዝለል መሳቅም ክልክል ሆነ። ታናሺቱ አዲስ ጫማ ስታደርግ፣ "ደሞ ቦረቀች!" ስታገባ፣ "ቡረቃሽን እናያለን!" ባሏ ጥሏት ሲሄድ ደግሞ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ቦርቂ እንግዲህ!" ምላሷን ይቁረጠውና!

ታናሺቱ ልጇንም እዚያው ጠረጴዛ ሥር አሳደገች። ልጅቷ በሳቀች ቁጥር አፏን በመዳፏ እየከደነች፣ "እሽሽ! አክስትሽ እየቆረጠች ነው" ትላታለች። ምን ታድርግ፣ መሄጃ የላትም። "ብቻ ትምህርቷን ትጨርስልኝ፣ ያኔ እንደ ልቧ ትቦርቃለች" እያለች ራሷን ታጽናናለች። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

የፈተናው ውጤት የመጣ ዕለት ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። መቀስ ጥቁር ሐር ዘርግታ እየቆረጠች ነው።

"እማ፣ አልፌያለሁ" አለች፤ ክር አለቀ እንደሚል ሰው። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

እናትየዋ መርፌዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ምነው ተገተርሽ? ቦርቂ እንጂ!"

"አንቺ!" አለች መቀስ ቀና ሳትል። "እየቆረጥኩ ነው፣ መንጋጋሽን ግጠሚ!"

"አልገጥምም!" ታናሺቱ ቁልፎቹን ከጭኗ ላይ አራግፋ ተነሣች፤ ልጇን አቅፋ ዘለለች። ጠረጴዛው ተንገጫገጨ፤ መቀሱ ስቶ ሐሩን መሀል ለመሀል ሸረከተው።

"ጨርቄን! አንቺ የተረገምሽ፣ አርጅተሽም ትቦርቂያለሽ?"

"አዎ፣ እቦርቃለሁ! ዓይንሽ እያየ እቦርቃለሁ! ቁልፍሽንም ራስሽ ስፊ፣ እትዬ!"

የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። መንገድ ዳር ካለው መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ በዚያ ዕድሜዋ ዘለል ዘለል እያለች፣ "ነይ፣ አብረን!" አለቻት።

ልጅቷ ግራ ቀኙን ተገላመጠች። ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ "ደሞ ቦረቀች!" አለች።

ቁርጥ አክስቷን። እናትየዋ ባለችበት ቀረች። ልጅቷ እጇን ለማስለቀቅ ትጎትታለች፤ እናትየዋ ግን አልለቅ አለች።