መግሪብ ላይ የምትጣራዋ

የጣሪያ መርወሃ፣ ማራገቢያው፣ ሲዞር የሚያሰማው ቀጭን ሲጥሲጥታ፣ ቆም ብሎ መልሶ የሚቀጥለው፣ ዛሬም ኦምዱርማን ባለው ቤቴ ጋደም ባልኩበት ይመጣና ልጅ ያደርገኛል። ድምፁን ተከትሎ የሆስፒታል ወለል የሚታጠብበት የፊኒክ ሽታ ይመጣል፣ ከሽታው ጋር ደግሞ የእማዬ «አቤት» ማለት።

ያኔ የምንኖረው ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ እኔ መራመድ ሳልጀምር ወደ ሊቢያ እንደወጣ ቀርቷል። እማዬ ከወሎ መጥታ አል-ማንሺያ አንድ ሀብታም ቤት ታጥብና ታበስል ነበር፤ እኔ ካርቱም ስለተወለድኩ አማርኛዬ ከዓረብኛ ጋር ተቀይጦ ነበር የሚወጣው። ሀቡቡ፣ የአሸዋው አውሎ ነፋስ፣ ሰማዩን ቀይ አድርጎ በሚያነጋበት በሙቀቱ ወራት ማብቂያ፣ እማዬ የአሠሪዎቿን ምንጣፍ ስታራግፍ ሆዷን ይዛ ወደቀች፣ አንጀቷ ተጠማዝዟል ተብሎም ሆስፒታል ገብታ ሆዷ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሐኪሙ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እየመጣ ሆዷን አዳምጦ «ንፋስ ወጣ?» ይላል፣ እኔ በአማርኛ እደግምላታለሁ፣ እሷም አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንጀቷ አልነቃም ነበር። ካልነቃ እንደገና ትከፈታለች፣ ለዚያ ደግሞ አቅም አልቀራትም ሲባል ሰምቻለሁ።

ከእማዬ ጋር ከአንድ ቀበሌ የወጣችው ጎረቤታችን፣ አክስቴ ሳትሆን በዓረቦቹ ልማድ ኻልቲ ዘይነብ የምላት፣ ከሥራዋ ስትወጣ ሾርባ ይዛ እየመጣች አብራኝ ታስታምም ነበር። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችውም እሷ ናት። አንድ ቀን የመግሪብ፣ የጀምበር መጥለቂያው ሶላት፣ አዛን አልቆ መብራት ሳይበራ፣ እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ በትንሽ ልጅ ድምፅ «አቤት» አለች።

«ማን ጠርቶሽ ነው?» አለቻት ኻልቲ ዘይነብ።

«እታለም ናት። ፋጤ ትለኛለች።»

ኻልቲ ዘይነብ የሾርባውን ክዳን እንደያዘች ቀረች። እታለም የእማዬ ታላቅ እህት ነበረች፣ ከሞተችም ቆይታለች፤ ካርቱም ውስጥ ደግሞ እማዬ ለሁሉም ፋጡማ እንጂ ፋጤ አልነበረችም።

በእነሱ አገር፣ ጠሪው ሳይታየው ስሙን የሰማ ሰው፣ ጥሪው ሦስተኛ ካልተደገመ አቤት አይልም፤ ሰው ያልሆነ ነገር ከሁለቴ በላይ አይጠራም፣ አቤት ማለት የለመደውን ግን ይዞት ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ ጠሪዋ እንድታጣት ኻልቲ ዘይነብ የእማዬን ስም ለወጠችው። «ከዛሬ ጀምሮ መዲና ናት። ፋጡማ ያላት አፉ ላይ ሸጣ እነሰንሳለሁ፣ ወላሂ» አለች፤ ሸጣ በርበሬ ነው። ከደይም የሚመጡት ጠያቂዎች ሁሉ እየተጠነቀቁ «መዲና፣ እንዴት ዋልሽ?» ማለት ጀመሩ፣ አንዷ ረስታ ግማሹን ስም ጠርታ አፏን ስትይዝ እማዬ ስፌቷን በሁለት እጇ ደግፋ «አታስቂኝ፣ እተረተራለሁ» ትል ነበር።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ሌላ ነበር። መግሪብ ሲቃረብ፣ ጥሪው እንዳይሰማት፣ መርወሃውን እስከ መጨረሻው ከፍ አደርግ ነበር። እሷ ግን በሲጥሲጥታው መሐል ታዳምጥ ነበር፤ ራሷን ወደ መስኮቱ ታዘነብላለች፣ ከንፈሯ ይከፈታል፣ እኔም መዳፌን አፏ ላይ እጭናለሁ። ክፍሉ ፎቅ ላይ ስለነበር ከመስኮቱ ውጪ የኒም ዛፍ ጫፍ እንጂ ሰው የሚቆምበት ቦታ አልነበረም።

አጠገቧ ካለው አልጋ ላይ አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት፣ ሐጃ የምንላት፣ ተኝታ ነበር። አንድያ ሴት ልጇ ቀድማት ስለሞተች ጠያቂ አልነበራትም። አንድ ቀን በጣቷ ጠርታኝ «ቢቲ፣ የእናትሽን አፍ የምታፍኚው ለምንድን ነው?» አለችኝ፤ ቢቲ ልጄ ማለት ነው። ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም።

«መስኮቱ ላይ ስላለችው ሴት ነው? እኔም እሰማታለሁ። ሌላ ሰው ቢመልስላትስ?»

«አላውቅም፣ ሐጃ።»

«እናንተ ሐበሾች» አለች ሻይዋን እየማሰለች፣ «እንግዳ ደጅ ላይ ታቆማላችሁ።»

ከዚያ ኸሪፉ፣ የዝናቡ ወራት፣ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ዕለት፣ ልክ አዛኑ ሲያልቅ፣ መብራት ጠፍቶ መርወሃው እየተንቀራፈፈ ቆመ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በዚያ ክፍል ሰምቼ አላውቅም። እማዬ ራሷን ወደ መስኮቱ አዘነበለች፣ ከንፈሯ መዳፌ ሥር ሲከፈት ተሰማኝ፤ እኔ ከቅጠሉ ከሚወርደው ጠብታ በቀር የሰማሁት አልነበረም። ሐጃ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና፣ ልጇን እንደምታባብል እናት፣ «ነዓም» አለች፣ አቤት እንደማለት። «ነዓም ቢቲ፣ መጣሁ።»

የእማዬ ከንፈር መዳፌ ሥር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሲነጋ የሐጃ ፍራሽ ተጠቅልሎ የብረት አልጋው ባዶውን ነበር። ሐኪሙ መጥቶ ጥያቄውን ሳይጨርስ የእማዬ ሆድ ጮኸና መልሱን ራሱ ሰጠ፣ ሐኪሙም እየሳቀ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ኻልቲ ዘይነብም ልትስቅ ጀምራ ዓይኗ ከፍራሹ ላይ ሲያርፍ ተወችው።

ብርዱ ሲገባ እማዬ ሆዷን በነጠላ አስራ ወደ አል-ማንሺያ ሥራዋ ተመለሰች። መዲና የሚለው ስም አልለቀቃትም፣ መዲና እንደተባለች አርጅታ ሞተች። ኻልቲ ዘይነብም ኸሪፍ በገባ ቁጥር ቴምር ገዝታ በሐጃ ስም የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ለተቀመጡት አስታማሚዎች ታድል ነበር።

ያ ሆስፒታል በጦርነቱ ተመትቶ ዛሬ ጣሪያ የለውም። ባለቤቴን ባለፈው ኸሪፍ ከቀበርኩ ወዲህ፣ መግሪብ ላይ ከግቢው በር በኩል ስሜን የሚጠራ አለ፣ እሱ ብቻ ይጠራኝ በነበረበት አጠራር፣ አንዴ፣ ቆየት ብሎም ሁለቴ። ሦስተኛው መጥቶ አያውቅም። ያኔ ጥሪው እንዳይሰማ መርወሃውን ከፍ አደርግ ነበር። አሁን አዛኑ ሲያልቅ እነሳና አጠፋዋለሁ።