ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሰማሁ የልብስ ሳሙና ይሸተኛል። ዛሬ ከሰዓትም እንዲሁ ሆነ። ቢሮ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፤ ደመናው ከተራራው በኩል መጣና ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። ቀና ስል ሽታው አፍንጫዬ ሥር አለ። አንተ ለጂንካ አዲስ ስለሆንክ ገና አልለመድከውም። እዚህ አገር ዝናብና ቆርቆሮ ከተገናኙ ሰው ከሰው መነጋገሩን ትቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ሽታው ያለ ነገር አይመጣም። እዚህ የተመደብኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የሰዋስው መጽሐፍና ለሦስት ሰው የሚበቃ ኩራት ይዤ ከሸዋ መጣሁ። የአማርኛ መምህር ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሰጡኝ። ክፍሉ ውስጥ አማርኛን ከእናቱ አፍ የሰማ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የቀረው አሪ ነው፣ በና ነው፣ ፀማይ ነው፣ ሐመር ነው። ባለቤት፣ ተሳቢና ግስ እያልኩ በሰዋስው ቋንቋ ስጀምራቸው በትህትና ያዩኝ ነበር፤ እንግዳ ሰው ሲሳሳት ዝም ብለው እንደሚያዩት ማለት ነው።

የበልጉ ዝናብ ሲገባ ደግሞ የባሰ መጣ። ክፍሉ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ከጀመረ ብጮህም የሚሰማኝ የፊተኛው ወንበር ብቻ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብዬ ካሳለፍኩ በኋላ ተናደድኩና ከአንድ ሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምኜ ቆራረጥኩት፤ በየቁራጩ ላይ ቃል ጽፌ በሲባጎ ልጆቹ አንገት ላይ አንጠለጠልኩ። ያለ ድምፅ ይሰለፉ ጀመር። ባለቤቱ መስኮቱ አጠገብ፣ ተሳቢው መሃል፣ ግሱ በሩ ጋ። ቦታውን የሳተውን ጓደኛው በእጁ ጎትቶ ያስገባዋል። ካርቶኑ እርጥበት ሲነካው ክፍሉ በሙሉ የታጠበ ልብስ ይሸት ነበር።

ነገሩ ጨዋታ ሆነ። የአሪዎቹ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ካርቶን ጽፈው ተሰለፉ፤ ግሳቸው ሄዶ በሩ ጋ ቆመ። የበናዎቹም፣ የፀማዮቹም እንደዚያው። አማርኛን ብቻዋን የምትጠብቀው ሥርዓት ይመስለኝ ስለነበር ትንሽ ደነገጥኩ። እንግሊዝኛውን ስናሰልፍ ግን ግሱ ከበሩ ተነስቶ መሃል ገባ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ አንዱ ልጅ "ምን አስቸኮለው?" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ጠራችው" የሚለው ላይ ስንደርስ ደግሞ በአማርኛ ባለቤቱም ተሳቢውም ግሱ ላይ እንደሚወጡ ለማሳየት ሁለቱን ልጆች ግሱ ላይ አሳዘልኳቸው።

ግስ የምትሆነው ሁልጊዜ አንዲት የበና ልጅ ነበረች። ቁመቷ ከሁላቸውም ይበልጣል፤ ሁለት ሰው አዝላ አትንገዳገድም። የምትኖረው ከአርብቶ አደር ልጆች አዳሪ ቤት ነው፤ እኔን "አንተ መምህር" ትለኛለች። "አንተ አይባልም፣ እርስዎ ነው" ብዬ አንድ ሁለቴ አርሜያት ተውኩት። እሷ ግን እኔን ለማረም አልሰነፈችም።

"በእኛ አንተም አንቺም አንድ ነው" አለችኝ አንድ ቀን። "ሴት መሆኔን እያየህ ደግሞ ለምን ትነግረኛለህ?"

ተሳቢውም ግስ ጀርባ ላይ መውጣቱ አይጥማትም፤ በእነሱ ቋንቋ ለብቻው በእግሩ ይቆማል አለች። የሰዋስው መጽሐፌ ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረም። የዚያን ሰሞን ነው ከእሷና ከሌሎቹ የበና ልጆች ቋንቋቸውን ጥቂት ጥቂት መለቃቀም የጀመርኩት፤ እስከ ዛሬም ከመለቃቀም አልፌ አላውቅም።

ከዚያ የማስተርጎም ልምምድ አመጣሁ። ሁለት ልጆች የጋራ ቋንቋ እንደሌላቸው ሆነው ይነጋገራሉ፤ ሦስተኛው መሃል ቆሞ ያሻግራል። ሕጉ አንድ ነው፦ አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሰማውን ሁሉ ወደዚያ ማዶ ያደርሳል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ ያመጣል። ስድብ ቢሆን ስድቡን፣ ሳቅ ቢሆን ሳቁን። እሷን የሚያህል አልነበረም። በክፍሉ ሙሉ ልጅ ፊት "ይሄ ልጅ አፍህ ይሸታል ይልሃል" ብላ ፊቷ ሳይፈታ ታስተረጉማለች። በእሷ እኮራ ነበር።

ለሚኒስትሪ ፈተና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ታላቅ ወንድሟ መጣ። ሐሙስ ነበር፤ የቀይ አፈር ገበያ ቀን። ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ፤ እሷም ተጠራች። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ከስብሰባ ብዛት ንግግራቸው እንደ ቃለ ጉባኤ ይሁን እንጂ ልባቸው ከልጆቹ ጋር ነው። ወንበር ሳቡለት። ወንድምየው ግን በእጁ የያዛትን ቦርኮቶ፣ ሲመሽ የሚንተራሷትን ያቺን ትንሽ የእንጨት በርጩማ፣ መሬት አስቀምጦ ተቀመጠባት። የቅቤና የጭስ ሽታው ቢሮውን ሞላው። አማርኛ አይሰማም።

ሌላ ጊዜ የሚያስተረጉመው የአዳሪ ቤቱ ዘበኛ ነው፤ እሱ ገበያ ሄዷል። የቀሩት የበና ልጆች ከእሷ ያነሱ ናቸው። አንደኛው ይጠራ ስንል ወንድምየው "እንዲህ ያለ ነገር በሕፃን አፍ አልናገርም" አለ። ይህንንም ያስተረጎመችልን ራሷ ናት። እንደዚያ ሆኖ ቀረ፤ መሃላችን ቆመች፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ እንደምትቆመው።

"'አባቷ ቃል ሰጥቷል፤ ወደ ባሏ ሰዎች የምትሄድበት ጊዜ ደርሷል። ልወስዳት ነው የመጣሁት' ይላል" አለች።

አባቷ አለች። አባቴ አላለችም። ጆሮዬ የአስተማሪ ጆሮ ነውና ወዲያው ያዝኩት።

"ቃሉን እናከብራለን በይው" አሉ ርዕሰ መምህሩ። "ግን ኬዙን በሰላም እንጨርሰው። ፈተናዋ ደርሷል። ልጅቷ ጎበዝ ናት በይው። ትፈተንና ከዚያ እንነጋገር።"

ወደ ወንድሟ ዞራ ተናገረች። "ጎበዝ ናት" የምትለዋን ትዘላት ይሆን ብዬ አየኋት፤ አልዘለለቻትም፤ ወንድምየው ሲሰማት ሳቀ።

"'ጎበዝ ስለሆነች ነው እኮ የፈለጓት። ሰነፍ ብትሆን ማን ይመጣ ነበር?' ይላል።"

ርዕሰ መምህሩም ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷ አልሳቀችም።

"ለጥሎሽ የመጡት ከብቶች ቢመለሱስ?" አሉ።

ይህም ወደዚያ ማዶ ሄደ። ወንድምየው ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። በመስኮቱ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ይታያል፤ በሬዎች ይግጡበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ ተናገረ፤ በረጅሙ፣ ሳይቆጣ።

"'ከብቶቹ ግቢያችን ገብተዋል። አንዷ ወልዳለች። ወተቷን ልጆች ጠጥተዋል። የጠጣነውን እንዴት አድርገን እንመልሳለን? ሰው አባቴን ውሸታም ይለዋል' ይላል።"

ልንገርህ፣ እዚያ ቆሜ እንድትዋሽ ተመኘሁ። አንዲት ቃል ብትጨምር፣ "መንግሥት ያስራችኋል ይላሉ" ብትለው ማን ያውቅባት ነበር? እኔ አልናገርባት። እሷ ግን የሰማችውን ሁሉ እንደ ተሸከመችው ውኃ ሳታፈስ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ታደርሳለች። "እሷ ብትማር ይሻላታል" የሚለውን ወደ ወንድሟ፣ "እሷን የሚጠብቃት ሰው አለ" የሚለውን ወደ እኛ። የአንዲት ልጅ ነገር በሦስት ሰው መሃል እየተወሰነ ነው፤ ልጅቷ ግን ከቢሮው የወጣች ይመስል ነበር።

መታገሥ አቃተኝ። የኔ ተራም ሥልጣንም አልነበረም።

"አንቺስ?" አልኳት። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

አየችኝ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረችና ጥያቄዬን አስተረጎመችለት። ያቺን ያህል በና እሰማ ነበር፤ አልተሳሳትኩም። አስተረጎመችና እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ መልሱ ከዚያ ማዶ እስኪመጣ ጠበቀች።

ርዕሰ መምህሩ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወንድምየው ተመለከታት። ከቦርኮቶው ተነሳ፣ ጠጋ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገራት። አጭር ነበር። እኔ ጋ ግን አልደረሰም።

"ምን አለ?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

አላስተረጎመችም። እኔ የማውቃት ልጅ የሰማችውን ሳታደርስ ስትቀር የዚያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት። ወለሉን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ከዚያ በአማርኛ "እንሄዳለን" አለች።

ከአዳሪ ቤቱ አንድ ፌስታል ብቻ ይዛ ወጣች። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው በሜዳው በኩል ሲሄዱ እስከ ዳሩ አየኋቸው። በማግስቱ ዘነበ። ካርቶኖቹን አወጣሁ፤ ልጆቹ ተሰለፉ፤ በሩ ጋ ማንም ሊቆም አልፈለገም። ካርቶኖቹን መልሼ ሰበሰብኩ፤ ይህን የምነግርህ ደጋግሞ ትዝ ስለሚለኝ እንጂ ትልቅ ነገር ሆኖ አይደለም።

ልጅቷን ያስገደዳት መስሎኝ ወንድሟን ለዓመታት ጠላሁት። በሹክሹክታ ያለውን ነገር በየጊዜው አዲስ አድርጌ እፈጥረው ነበር፤ አንዳንዴ ዛቻ፣ አንዳንዴ ልመና፣ እንደ ስሜቴ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ፀጉሬም ሸሽቶ ይህን እፈጥር ነበር።

ከስንት ጊዜ በኋላ ፈታኝ ሆኜ ቀይ አፈር ሄድኩ። ሐሙስ ስለነበር ሥራው እንዳለቀ ገበያ ወጣሁ። ከግራር ጥላ ሥር ማር በቅል ይዛ የተቀመጠች ረጅም ሴት "አንተ መምህር!" ብላ ጠራችኝ። በዚያ ገበያ እንደዚያ የሚጠራኝ ሌላ ሰው ሊኖር አይችልም።

"አርጅተሃል እኮ" አለችኝ፣ እጄን ይዛ እየሳቀች።

አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አማርኛዋ እንዳለ ነው፤ ትንሽ ዝጓል እንጂ አልተሰበረም። ትልቋ ልጇ ጂንካ ትማራለች፤ ባሏ ደህና ነው፤ ወንድሟም ደህና ነው፣ ከብቶቹ ጋ ነው። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ማር አወራን። ከዚያ ለስንት ዓመት የያዝኩትን ጠየቅኋት፤ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ወንድምሽ ምን ነበር ያለሽ?

ወዲያው ገባት። ማሩን በቅጠል ሸፈነችው።

"'አንቺን ነው የጠየቁሽ። ንገሪያቸው' ነው ያለኝ።"

ያን ሁሉ ዓመት የጠላሁት ሰው በሩን የከፈተላት እሱ ኖሯል።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?"

"ምን ብዬ?" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። "እስከዚያ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የሰው ጥያቄ፣ የሰው መልስ ነበር የማመላልሰው። የራስሽን ተናገሪ ሲለኝ ባፌ ምንም የለም። ሁላችሁም ታዩኛላችሁ። እሱ ቆሟል። መንገዱ ሩቅ ነው። 'እንሄዳለን' የሚለው ብቻ መጣልኝ።"

አንዲት ልጅ መጥታ ማሩን ቀምሳ ሄደች።

"መልሱ በኋላ መጣ" አለች። "ሜዳውን አልፈን፣ ኮረብታውን ወጥተን፣ ቁልቁል ስንጀምር መጣልኝ። 'እኔ እዚሁ እቆያለሁ' የሚል። በአማርኛ ነው የመጣው። ቆሜ ዞሬ አየሁ፤ ትምህርት ቤቱ አይታይም። ወንድሜ 'ምን ሆንሽ?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"'ምንም' አልኩት።"

ገዢ መጣባትና ወደ ማሯ ዞረች።