ወንድሜ «በእጄ ሠራሁት» የሚለው ቴፕ

ባለፈው አርብ ወንድሜ ሸሪፍ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ሩዙ ላይ የፍየል ሥጋ ተከምሯል፤ ማራገቢያው የድሬን ሙቀት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ሸሪፍ ሳሎኑ ውስጥ የቆሙትን ሁለት ስፒከሮች ለልጅ ልጆቹ እያሳየ፣ «ይሄን አሮጌ ዕቃ ለቃቅሜ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» አለ። ሽማግሌ ሰው፣ በልጆች ፊት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ!

የሠራሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሰፈራችን ሙዚቃ የሚሰማው ሻይ ቤት በር ላይ ነው፤ እዚያ የሚቀመጠው ደግሞ ወንድ ብቻ። እኔ ለቁርስ የሚበላውን ጥብስ፣ ባጂያ፣ ልገዛ ስላክ ትንሽ ቆም ብዬ እሰማና ቤት ስገባ ስድቤን እጠጣለሁ። ስለዚህ የራሴን ልሠራ ቆረጥኩ። ዳንቴል እየሠራሁ በማገኛት ሳንቲም፣ ቀፊራ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጠው ከአደም አንድ ጎኑ የማይሠራ አምፕሊፋየርና ክዳን የሌለው ካሴት ማጫወቻ ገዛሁ። የተላቀቀችውን ሽቦ በየድኩ፤ የሚንኮሻኮሸውን ድምፅ መጨመሪያ በአልኮል አጠብኩ። ከተዘጋ ቡና ቤት የወጡትን ስፒከሮች የተቀደደ ወረቀታቸውን በኮላ ለጠፍኩ። ሳጥኑን በባቡር ዕቃ ታሽጎበት ከመጣ ጣውላ መታሁ፣ ውስጡንም ፋብሪካ በጣለው ጥጥ ሞላሁት። የሰኔ ሙቀት ነው፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በመስኮት እየገባ ላቤ ላይ ይለጠፋል።

አደም አንድ ነገር አስተማረኝ። «የስፒከሩን ሁለት ሽቦ በባትሪ ድንጋይ ንኪው» አለኝ። «ወረቀቱ ወደ ውጭ ከገፋ ልክ ነው፣ ምልክት አድርጊበት። አንዱን ገልብጠሽ ከቀጠልሽ ሁለቱ ይጣላሉ፤ ከበሮው ይጠፋብሻል።» ሠርቼ ሳሳየው ደግሞ፣ «ወላሂ፣ ያንቺ ጆሮ የወንድ ነው!» አለ። ማመስገኑ ነው እንግዲህ።

መጀመሪያ የከፈትኩት ቀን ከበሮው ደረቴን ሲገፋኝ አለቀስኩ። እናቴ የምታጥበውን ልብስ ትታ በር ላይ ቆመች። ሸሪፍ? ሸሪፍማ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ «ኧረ ቀንሺው አቦ!» ይል ነበር።

በዓመቱ እሱ ሲያገባ አባቴ ሳይጠይቀኝ ቴፑን ወደ ሙሽሮቹ ቤት አስጫነው።

«አባዬ፣ የእኔ እኮ ነው!»

«ወንድ ልጅ ባዶ ቤት ሙሽራ አያስገባም። ላንቺ ነገ ባልሽ ይገዛልሻል።»

ባሌ፣ አላህ ይርሐመው፣ ከአንዲት ትንሽ ሬዲዮ በቀር የገዛልኝ የለም። ቴፑ ሲወጣ ሸሪፍ አንገቱን ደፍቶ ሽቦ ይጠቀልል ነበር። ጋሪ ላይ ሲጭኑት በር ላይ ቆሜ አየሁ።

በሳምንቱ ልንጠይቃቸው ሄድን። ሙዚቃው ተከፍቷል፤ ከበሮው ግን የለም። አንዱን ስፒከር ገልብጦ ቀጥሎታል። እንግዶቹ «ሳሎኑ ሰፍቶበት ነው» ሲሉ ሸሪፍ ይስማማል። ዓይኑ ወደ እኔ መጣ፤ ወዲያው ተመለሰ። ማስተካከል የሚችለው ሰው አጠገቡ እንደተቀመጠ ያውቃል። ግን ልጥራት ቢል በሚስቱ ዘመዶች ፊት ማን እንደሠራው መናገር ሊኖርበት ነው። ለእንግዶቹ ሻይ መቅዳቱን ቀጠለ። እኔም ሳልጠየቅ ለምን ብዬ እነሳለሁ? ሻዬን ጠጣሁ።

ቤት በቀየረ ቁጥር ሽቦውን እንደ ድሮው ገልብጦ ይቀጥለዋል። አርብ ለልጆቹ ሲከፍትላቸውም ያው ነው፤ ቀጭን፣ ሆድ የሌለው ድምፅ። «ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ ጮክ ብዬ። ልጆቹ ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ሚስቱ ወደ ጓዳ ስታስገባኝ፣ «ፈትያ፣ በዚህ ዕድሜሽ ለአሮጌ ዕቃ ትቆጪያለሽ?» አለችኝ።

አዎ፣ እቆጣለሁ። ቁጣዬ አላረጀም። «ፈትያ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ወንድሜ ይህን ከሚል፣ ዕድሜውን ሙሉ ከበሮ የሌለው ዘፈን ሲሰማ መኖርን መረጠ። እንግዲህ ይስማ።