ለእንግዳ የተቀዳ ውሃ

ዮላና ባልዲ ከባልዲ አታቀላቅልም። ነጩ የመጠጥ ነው፣ ሰማያዊው የዕቃ ማጠቢያ፣ የልብሱ ደግሞ ደጅ ያድራል። አንድ ቀን ምራቷ ተሳስታ በልብሱ ባልዲ ድንች ብታጥብ፣ ዮላና ድንቹንም ባልዲውንም ጅረት ውስጥ ሰደደቻቸው። ሮማ የሚባለው ሕዝቧ ሁሉ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ የእሷ ግን ይብሳል። ቤቷ መስታወት ነው። ሰፈሩ በሙሉ አክስቴ ለማለት ቢቢ እያለ የሚያከብራትም በዚህ ነው።

የሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ግን የእሷን ንጽሕና ከየት ያውቃል? ከመጸዳጃ ቤቶቹ በታች የተቆፈረ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ይሸታል፤ ሙቀት ሲገባ የሰፈሩ ሕፃናት በተቅማጥ ያልቃሉ። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ «ውሃችሁ ይመርመር፣ መጥፎ ሆኖ ከተገኘ ቧንቧ ይገባላችኋል» ሲል ሁሉም ቧንቧው የገባ ያህል ተደሰተ።

ከምርመራው በፊት በነበረው ቀን የሰፈሩ አለቃ ዴዚዴር መጣ።

«ቢቢ፣ መርማሪዋን አንቺ ቤት ነው የማመጣት። ሌላ ቤት ባስገባት ያዋርዱኛል።»

«ታዲያ ሌላ የት ልታስገባት ኖሯል?» አለች ኮራ ብላ።

እሱ እንደወጣ አሮጌውን የሕፃን ጋሪ እየገፋች ጫካ ካለው ምንጭ ሄዳ አንድ ጀሪካን ቀዳች፤ ነጩንም ባልዲ በእሱ ሞላችው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ለበዓል ካልሆነ ማንም አይሞክረው። እሷ ግን የማይረሳት ነገር አለ። በአንድ ወቅት ቤቷ የመጣ የመንደሩ አስተማሪ፣ ሮማ ያልሆነ፣ እነሱ ጋጆ የሚሉት ሰው፣ ያቀረበችለትን ብርጭቆ በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ብሏት ነበር። ያ ብርጭቆ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

መርማሪዋ ያርሚላ የምትባል ልጅ ነበረች። የጠርሙስ ሳጥን ተሸክማ፣ ላብ በላብ ሆና ገባች።

«ውሃ ላምጣልሽ? ካልተጠየፍሽን ነው እንግዲህ።»

«ኧረ ውሃ ጥም ሊገድለኝ ነው፣ ይስጡኝ!»

ጭልጥ አደረገችው። «ሲጣፍጥ! ይድገሙኝ።»

ዮላና እንባዋ መጣ። ጋጆ በብርጭቆዋ ሲጠጣ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጅቷ አፏን ጠራርጋ አንድ ጠርሙስ አወጣች። «በሉ አሁን ከምትጠጡት ይሙሉልኝ።»

«ከጉድጓዱ አትቀጂም እንዴ?»

«እኔ የምወስደው ቤት ውስጥ የሚጠጣውን ነው። ይሄ የሰጡኝ እሱ አይደል?»

አይደለም ማለት ነበረባት። አንዲት ቃል ናት። ግን «ለአንቺ ይኼን፣ ለእኛ ቆሻሻውን» ብላ በየትኛው አፏ ትናገር? ልጅቷስ ያን ብርጭቆ ከዚያ በኋላ በምን ዓይን ታየዋለች? ነጩን ባልዲ ጎንበስ አድርጋ ጠርሙሱን ሞላችው።

ውጤቱ መጣ፤ ውሃው ንጹሕ ነው ተባለ። ቧንቧው ወደ ሌላ መንደር ሄደ።

«ንጹሕ!» አለ ዴዚዴር እየሳቀ፣ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። «በሉ እንግዲህ፣ በጠርሙስ እያሸግን ለጋጆዎቹ እንሽጥላቸዋ!»

«ዋሽተውብን ነው፤ ያቺ ልጅ ናት!» አሉ ሌሎቹ።

ዮላና ድንቿን ትልጣለች። ተናገሪ እንጂ፣ ሴትዮ! ጊዜ ነበራት እኮ። አንድ ጠዋት ተነሥታ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ደርሳም ነበር። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሲያይዋት ቦርሳቸውን ጠበቅ፣ ራሳቸውን ፈንጠር አደረጉ። እነዚህ እየሰሙኝ የምጠጣው ውሃ ቆሻሻ ነው አልልም ብላ ተመለሰች። ነገ እሄዳለሁ አለች፤ ነገም ሳይመጣ ክረምቱ አለፈ።

ሙቀቱ ሲገባ የጎረቤቷ የዣኔታ ልጅ ታመመ። ኤርቪን ገና ጥርስ እያበቀለ ነበር፤ ዮላናን ሲያይ እጁን ዘርግቶ የሚንጠለጠል ልጅ። እናቱ የዱቄት ወተቱን የምትበጠብጥለት በጉድጓዱ ውሃ ነው። ሆዱ አልቆም አለ፤ ዓይኑ ጎደጎደ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት አልቆለት ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ በትንሿ ሣጥን ዙሪያ ተቀመጠ። ዣኔታ ማልቀሷን አቁማ ተነሣች።

«ውሃችን ንጹሕ ነው ብሎ የዋሸ ሰው፣» አለች ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ «ነፍሱ ስትወጣ ከንፈሩን የሚያረጥብለት ይጣ!»

እናት በልጇ ሬሳ ላይ ስትራገም ዝም የሚል የለም። «አሜን!» አሉ ሁሉም።

ዣኔታ ዞር ብላ የዮላናን እጅ ያዘች። «አንቺስ፣ ቢቢ? ልጄን ትወጂው አልነበር? በዪልኝ እንጂ።»

«አሜን» አለች ዮላና፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ።